ሞረድ ያልጠገበ ጊታር

«ኦሪጅናል ነው ወይስ ቻይና?» ጫማም ይሁን ቻርጀር ሲገዛ ከዋጋው እኩል የሚነሳ ጥያቄ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ሲደርስ ደግሞ ጥያቄው ይብሳል። አብዛኛው ገዢ፣ በተለይ ለልጁ የሚገዛ ወላጅ፣ መሣሪያውን ራሱ መመርመር ስለማይችል ከጭንቅላቱ ላይ የተጻፈውን የድርጅት ስምና ከጀርባው የተለጠፈውን የአገር ስም አንብቦ ይፈርዳል። ከ150 እስከ 250 ዶላር የሚሸጥ ጊታርና ከ1,500 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ጊታር ጎን ለጎን ተሰቅለው ቢታዩ ግን ያልለመደ ዓይን አይለያቸውም። ቅርጹ ያው ነው፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ክሩም ስድስት ነው። ታዲያ ያ ሁሉ ገንዘብ የት ገባ? ከፊሉ ለስም ይከፈላል፣ ከፊሉ ለተሻለ ብረትና ሽቦ። ለተጫዋቹ ጣት የሚሰማው ትልቁ ልዩነት ግን መሣሪያው ከፋብሪካ ከመውጣቱ በፊት ባሉት የመጨረሻ የእጅ ሥራ ሰዓታት ላይ ነው። ከውጭ የሚመጣው ርካሽ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ ያላለቀ ሥራ ነው፤ ሊመዘን የሚገባውም እንደ ያላለቀ ሥራ ነው።

የአገር ስም የማያስተማምን ሚዛን መሆኑን ታሪኩ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጃፓን እንደ ቴይስኮ ባሉ ስሞች ወደ አሜሪካ የምትልካቸው ጊታሮች የጀማሪ ልጅ መጫወቻ ተደርገው ይታዩ ነበር። በ1970ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የታወቁትን የአሜሪካ ሞዴሎች እያስመሰሉ መሥራት ያዙ፤ ሲያስመስሉም እጃቸው ተፈታ። በ1977 የአሜሪካው ጊታር ሠሪ የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን የጃፓኑን የአይባኔዝን ጊታሮች አሜሪካ ውስጥ የሚያከፋፍለውን ኤልገርን ፊላደልፊያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰው። ክሱ የተነሳው በጊታሩ ጭንቅላት ቅርጽ ላይ ነበር። ሥራው ይናቃል፣ ድምፁ አይረባም ያለ አልነበረም፤ እንዲያውም የማይረባ ቢሆን ኖሮ ማን ፍርድ ቤት ድረስ ይደክም ነበር? ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። በ1982 ደግሞ የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ፌንደር ራሱ ጃፓን ሄዶ ፉጂጄን በተባለ ፋብሪካ ስኳየር የሚል ስም ያላቸውን ጊታሮች ማሠራት ጀመረ። ዋጋቸው ዝቅ እንዲል ታስበው የተሠሩት እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ስኳየሮች ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙባቸው ሆነዋል። የጃፓን ደመወዝ ሲያድግ ሥራው ወደ ደቡብ ኮሪያ፣ ከዚያም ወደ ኢንዶኔዥያና ወደ ቻይና ተሻገረ፤ ንቀቱም ከሥራው ጋር አብሮ ተሻገረ። ትናንት እንደ ነውር ይነገር የነበረውን «ኮሪያ ነው» የሚለውን ቃል ዛሬ ያገለገለ ጊታር የሚሸጥ ሰው እንደ ሙገሳ ይናገረዋል። እንጨቱና ብረቱ በመካከሉ አልተለወጡም።

ኤሌክትሪክ ጊታር ሲወለድም የፋብሪካ ዕቃ መሆኑ ይረሳል። የፌንደር መሥራች ሊዮ ፌንደር ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ጊታር መጫወት አያውቅም። በ1950 ለገበያ ያቀረበው ጠፍጣፋ ጊታር አንገቱ እንደ ቫዮሊን በሙጫ የተጣበቀ ሳይሆን በአራት ብሎን የታሰረ ነው፤ ቢበላሽ ይፈታና ሌላ ይገጠምለታል። በዚህ መንገድ የተነደፈ ዕቃ በብዛት ቢመረት ክብሩ አይነካም። በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን ከመጣ ወዲህ ደግሞ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሱራባያ ላይ የሚቆረጠው እንጨት ካሊፎርኒያ ከሚቆረጠው በልኬት አያንስም። በጊታር አንገት ላይ የሚደረደሩት የብረት መስመሮች፣ ማለትም ፍሬቶቹ፣ ቦታቸው በስሌት የተወሰነ ነው። የሚርገበገበው ክር 648 ሚሊ ሜትር ከሆነ የመጀመሪያው ፍሬት ከአንገቱ ጫፍ በ36.4 ሚሊ ሜትር ላይ ይቀመጣል፤ አሥራ ሁለተኛው በትክክል መሐል ላይ፣ በ324 ሚሊ ሜትር ላይ ያርፋል። ዱሮ በርካሽ ጊታሮች ላይ ይህ ልኬት ይስት ነበር፤ እንዲህ ያለው ጊታር ቢለፉበትም አይቃኝም። ዛሬ ማሽኑ ቦታውን አይስትም።

ማሽኑ የሚተወው ሥራ አለ። ፍሬቱ ቦታው ልክ ቢሆንም ከጎረቤቱ በፀጉር ያህል ከፍ ሊል ይችላል፤ አንድ ሰው ቀጥ ያለ ሞረድ ይዞ ሁሉንም እኩል ማድረግ፣ አናታቸውን መልሶ ማክበብ፣ በአንገቱ ግራና ቀኝ የሚወጡትን ጫፎች ማለስለስ አለበት። ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያልፉባት ነት የምትባል ትንሽ ቁራጭ አለች፤ በላይዋ ያሉት ስድስት ቦዮች እያንዳንዳቸው በክሩ ውፍረት ልክ መጠለቅ አለባቸው። ይህ ሥራ ጊዜ ይበላል፣ እያንዳንዱንም መሣሪያ ለየብቻ ማየት ይጠይቃል። ዋጋ መቀነስ የፈለገ ፋብሪካ መጀመሪያ የሚቀንሰው እዚህ ላይ ነው። የነቷን ቦዮች ደግሞ ሆን ብሎ ሳይጠልቁ ይተዋቸዋል። ቦዩ ከልክ በላይ ከጠለቀ ክሩ ፍሬቱን እየነካ ስለሚንዛዛ ገዢው ዕቃውን ይመልሳል፤ ካልጠለቀ ግን ገዢው ጣቱ ቢታመምም ጊታር ሲጀምሩት እንዲህ ነው ብሎ ይታገሣል።

የዚህ መዘዝ ከጣት ሕመም ያልፋል። ክሩ ከመጀመሪያው ፍሬት በላይ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ወደ ታች ሲጫኑት ይወጠራል፤ የተወጠረ ክር ድምፁ ይወጣል። ጊታሩ ክፍት ክሩን ሲመቱት ልክ ነው፣ የመጀመሪያውን ኮርድ ሲይዙ ግን ቅኝቱን ይስታል። ክራር ላይ እንዲህ ያለ ወጥመድ የለም፤ እያንዳንዱ ክር የራሱን ድምፅ ስለሚሰጥ ጆሮ ያለው ሰው ትዝታም ይሁን ባቲ መቃኛውን አዙሮ ያስተካክላል። መሰንቆ ላይም ጣት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ስህተቱን ያርማል። ጊታር ግን ድምፁን በብረት ቆልፎታል፤ የሠሪውን ጉድለት የተጫዋቹ ጆሮ አያርመውም። ስንቱ ጀማሪ «ጆሮ የለኝም» ብሎ መሣሪያውን ግድግዳ ላይ እንደ ሰቀለ መገመት አያዳግትም፤ ጥፋቱ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ባነሰ ፕላስቲክ ላይ ነበር።

ወደ አዲስ አበባ ለሚመጣ ጊታር ደግሞ የአየር ጠባይ ይጨመርበታል። ርጥበት ባልተለየው የኢንዶኔዥያ ጠረፍ ተሠርቶ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወዳለች ከተማ በበጋ የገባ እንጨት ውኃውን ይለቅቃል፣ በወርዱም ይኮማተራል። ብረት አይኮማተርም። በመሆኑም በፋብሪካ ልስልስ የነበረው የአንገት ጠርዝ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ መቧጨር ይጀምራል። ባለቤቱ «ቻይና ነዋ!» ብሎ ያማርራል፤ ውድ ጊታርም ቢሆን በዚህ አየር እንዲህ ሊሆን ይችላል። ለሠለጠነ እጅ የጥቂት ሰዓት የሞረድ ሥራ ነው።

እንግዲህ የገዢው ተግባር ሞረድ የሚያድነውንና የማያድነውን መለየት ነው። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ አነጣጥሮ ከጭንቅላቱ ወደ ሆዱ በአንገቱ ጠርዝ ላይ ማየት የመጀመሪያው ነው። አንገቱ በርዝመቱ በጥቂቱ ቢጎብጥ ችግር የለውም፤ በውስጡ ትረስ ሮድ የሚባል የብረት ዘንግ ስላለ በቁልፍ ይስተካከላል። ክሩን በአንድ እጅ የመጀመሪያው፣ በሌላው የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭኖ መሐሉን ማየት ነው፤ ከወረቀት ጥቂት የወፈረ ክፍተት ከታየ ጤናማ ነው። አንገቱ እንደ ተጠመዘዘ ፎጣ ግራና ቀኙ በተለያየ አቅጣጫ ከዞረ፣ ወይም የዘንጉ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ዞሮ ምንም ካልለወጠ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢወርድ መተው ነው። ቀጥሎ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ መምታት፤ አንድ ቦታ ብቻ የሚንዛዛ ከሆነ ከፍ ያለ ፍሬት ነው፣ ይሞረዳል። አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ ነካ አድርገው ሲለቁት የሚወጣው ድምፅና ተጭነው ሲመቱት የሚወጣው አንድ መሆን አለባቸው፤ የስልክ መቃኛ መተግበሪያ ልዩነቱን ያሳያል። ልዩነት ካለ ከሆዱ በኩል ክሮቹ የሚያርፉባቸውን ትንንሽ ብረቶች፣ በበገና ብርኩማ የምንለውን ሥራ የሚሠሩትን፣ በብሎን ወደፊት ወይም ወደኋላ ማንቀሳቀስ ይበቃል። ብሎኑ መንገዱን ጨርሶ አሁንም ካልገጠመ፣ ያ ጊታር ሲሠራ ተበላሽቷል። ቅኝት አይጠብቅም ተብሎ መቃኛው ሲወቀስም ብዙ ጊዜ ጥፋተኛዋ ክሩን የምትነክሰው ነት ናት።

«እንጨቱስ?» የሚል ተቃውሞ ሁልጊዜ ይነሳል፤ ውድ ጊታር በውድ እንጨት ይሠራል፣ ርካሹ ባገኘው። እውነት አለው፤ የአንገቱ እንጨት በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፣ የሆዱም ክብደት ትከሻን ያደክማል። ለድምፁ የሚሰጠው ሚና ግን የተጋነነ ነው። ፒክአፕ በሽቦ የተጠቀለለ ማግኔት ነው፤ የሚሰማው የብረቱን ክር እንቅስቃሴ ነው። ኔታን ዳንኤል የተባለው አሜሪካዊ ዳንኤሌክትሮ በተባለው ድርጅቱ በ1950ዎቹ ሜሶናይት ከሚባል፣ ከእንጨት ጭረት ከሚጨመቅ ሰሌዳ ጊታር ይሠራ ነበር፤ ፒክአፑንም በሊፒስቲክ ቀፎ ውስጥ ይከተው ነበር። ከዚህ የረከሰ ነገር ማሰብ ያስቸግራል። ሆኖም የሌድ ዜፕሊኑ ጂሚ ፔጅ በዳንኤሌክትሮ ትልልቅ መድረኮች ላይ ተጫውቷል። የኩዊኑ ብራያን ሜይ ዕድሜ ልኩን የያዘው ጊታርም ገና ወጣት ሳለ ከአባቱ ጋር ቤት ውስጥ የሠራው ነው፤ አንገቱ ከአሮጌ የምድጃ ክፈፍ እንጨት የወጣ ነው። ታዋቂ ከሆኑ በኋላ ሁለቱም ውድ መግዛት ያቅታቸው ነበር የሚል የለም።

የኤሌክትሪኩን ክፍል በአጭሩ እናልፈዋለን። የርካሽ ጊታር ፒክአፕ ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ማግኔት አለው፤ ድምፁ ይለያል እንጂ ብልሽት አይደለም። ቶሎ የሚደክሙት የድምፅ ማዞሪያው፣ ማብሪያውና የገመድ መሰኪያው ናቸው፤ እነዚህን ደግሞ ብየዳ የሚችል ሬዲዮ ጠጋኝ በትንሽ ገንዘብ ይቀይራቸዋል። ይልቅስ ለመጥፎ ድምፅ ተጠያቂው ብዙ ጊዜ አብሮ የሚሸጠው ትንሽ አምፕሊፋየር ነው፤ ጊታሩ በእሱ ጥፋት ይፈረድበታል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልከው አምፕሊፋየር በ120 ቮልት የሚሠራ ከሆነና በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ መጨረሻው ጭስ ነው። ጊታሩ ግን በአብዛኛው ባትሪም መብራትም ስለማይፈልግ ከየትም ቢመጣ ይሠራል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ከሌላ በኩል ይመጣል። «የእጅ ሥራው ሰዓት ተቀነሰ» ሲባል የተቀነሰው የሰው ጉልበትና ደመወዝ ነው። ለብዙ የታወቁ ስሞች ጊታር የሚሠራው የኮሪያው ኮርት እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ኢንቾንና ዴጆን የነበሩትን ፋብሪካዎቹን ዘግቶ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት ምርቱ በኢንዶኔዥያና በቻይና ቀጠለ፤ የተሰናበቱት ሠራተኞች ክርክር እስከ 2019 ዘለቀ። ስለዚህ ርካሽነቱን የማሽን ቸርነት ብቻ አድርጎ ማየት የዋህነት ነው። ይሁን እንጂ ወደ ታወቀ ስም መሸሽም መልስ አይሆንም፤ ከአንድ ፋብሪካ በር የተለያዩ ስሞችን ለጥፈው የሚወጡ ጊታሮች አሉና። ስሙ ስለ ሠራተኛው ደመወዝ አይናገርም፤ የአገር ስሙም እንደዚያው።

የመጨረሻው ተቃውሞ የኪስ ነው፤ ርካሽ የገዛ ሁለት ጊዜ ይገዛል፣ ሲሸጠውም ይከስራል ይባላል። መክሰሩ እውነት ነው። በላዩ ለሞረድና ለነት የተከፈለው ገንዘብም ሲሸጥ አይመለስም፤ ቀጣዩ ገዢ የሚያየው ስሙን ነው። በዓመቱ ሊሸጥ ለሚያስብ ሰው ርካሹን አዲስ ጊታር መግዛት ስሌቱ አይወጣም። ሊጫወትበት ለሚፈልግ ግን ሂሳቡ የጊታሩ ዋጋና የማስተካከያው ዋጋ ድምር ነው፤ ያም ድምር ብዙውን ጊዜ ከውዱ ዋጋ ሩቡን አይሞላም። ከሁሉም የሚሻለው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ሁለት ሦስት በጋ እዚሁ ያሳለፈ ያገለገለ ርካሽ ጊታር ነው። ኪሳራውን የመጀመሪያው ባለቤት ከፍሎታል፣ እንጨቱ ደርቆ ልኩን ይዟል፣ የሚጣመም አንገት ከሆነም እስካሁን ተጣምሟል። ጭንቅላቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ከተፋቀ ደግሞ ዋጋው ይበልጥ ይወርዳል።