ኮርድ ለቅኝት ጆሮ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ የሚያቋርጠው አገር ሙዚቃው በአንድ የዜማ መስመር የሚሄድ ነው። ማሲንቆ ያለው ክር አንድ ነው፤ አዝማሪው የሚዘፍነውን እየተከተለ፣ አንዳንዴም እየቀደመ ይሄዳል። በቤተ ክርስቲያንም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ የሚከፈለውን የቅዱስ ያሬድ ዜማ አንድ መሪጌታ ቢያዜመው ወይም ሃምሳ ደብተራ ቢቆምለት ዜማው ያው አንድ ነው። ቢቸና ወይም ሞጣ ሆኖ ጊታር የሚጀምር ወጣት ይህንን በጆሮው ይዞ ይመጣል። ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው የመጀመሪያ ትምህርት ደግሞ ሦስት የተለያዩ ድምፆችን ባንድ ጊዜ እንዲያሰማ ያዘዋል። ጣቱን ያመዋል፣ ክሩ ይንጫረራል፣ ከአንዱ ኮርድ ወደ ሌላው እስኪሻገር ዘፈኑ ያመልጠዋል። ብዙ ሰው ችግሩ ሁሉ የጣት ነው ብሎ ያምናል። እኔ ግን ትልቁ ችግር የጆሮ ነው እላለሁ፤ መፍትሔውም ኮርዶቹ የሚጠኑበትን ቅደም ተከተል መለወጥ ነው።

ኮርድ ማለት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ድምፆች አብረው ሲሰሙ ነው። የጊታር ስድስት ክሮች ከወፍራሙ ጀምሮ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ተብለው ይቃኛሉ፤ ጀማሪው በግራ እጁ አንዳንዶቹን በፍሬቶቹ መሃል እየተጫነ ድምፃቸውን ይለውጣል። ክራር የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ያፍናሉ፤ የሚሰማው ያልታፈነው ነው። በጊታር ግን የግራ እጅ ሥራ ማፈን ሳይሆን ድምፅ መፍጠር ነው። ከዚህም የሚበልጥ ልዩነት አለ። ክራር ለአንድ ቅኝት ከተቃኘ በኋላ እጅ ቢስትም ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ የለም፤ ክሮቹ ራሳቸው ቅኝቱ ናቸውና። ጊታር አሥራ ሁለቱንም ድምፆች ስለያዘ እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም።

ትዝታ ሜጀርን እንውሰድ። ማረፊያውን ሲ ላይ ካደረግን ድምፆቹ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ናቸው። የተለመደው የጀማሪ ትምህርት ሲ፣ ኤፍ እና ጂ ኮርዶችን አንድ ላይ ያስጠናል። ኤፍ ኮርድ ኤፍን ይዞ ይመጣል፣ ጂ ኮርድ ደግሞ ቢን፤ ሁለቱም ትዝታ ውስጥ የሉም። ስለዚህ ልጁ ጣቶቹን በትክክል አስቀምጦ፣ ክሩን በትክክል መትቶ፣ የሚሰማው ግን የማያውቀው ነገር ነው፤ የተሳሳተ መስሎት ደግሞ ጣቱን ያነሳል። ያልተሳሳተ እጅ እንዲህ በራሱ ጆሮ ሲኮነን ብዙ ጀማሪዎች ጊታሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ከትዝታ ድምፆች ሳይወጡ የሚሠሩት ሙሉ ኮርዶች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር። ደግነቱ ለእጅም የሚቀርቡት እነሱ ናቸው። በኤ ማይነር አመልካች ጣት ከቀጭኑ በኩል ሁለተኛው ክር ላይ በመጀመሪያው ፍሬት፣ መሃል ጣት አራተኛው ክር ላይ በሁለተኛው ፍሬት፣ የቀለበት ጣት ሦስተኛው ክር ላይ እንዲሁ በሁለተኛው ፍሬት ይቀመጣሉ። ወደ ሲ ሜጀር ለመሻገር ሁለቱ ጣቶች ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ የቀለበት ጣት ብቻ ተነስቶ አምስተኛው ክር ላይ በሦስተኛው ፍሬት ያርፋል። የጂ ነገር ካስፈለገም አራተኛውና ሦስተኛው ክር ያለ ጣት ሲመቱ ዲ እና ጂ ናቸው፤ ቢን ሳያስገቡ የጂን ጥላ ይሰጣሉ።

ትዝታ ማይነር ደግሞ የጀማሪውን ዋና ጠላት ያስወግድለታል። ኤፍ ሜጀር ሙሉ ሆኖ ሲያዝ አመልካች ጣት ስድስቱንም ክሮች ባንድ ጊዜ መጫን አለበት፤ ሰው በየቦታው ተስፋ የሚቆርጥበት ኮርድ ይህ ነው። ማረፊያው ኤ የሆነ ትዝታ ማይነር ግን ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ስለሆነ ኢን የሚጨምረው ኤፍ ሜጀር ሰቨን የተባለው ኮርድ ሙሉ በሙሉ ውስጡ አለ፤ እሱን ለመያዝ ደግሞ ሦስት ጣትና አራቱ ቀጫጭን ክሮች ይበቃሉ። ከኤ ማይነር ስንነሳ አመልካች ጣት ባለበት ይቆያል። መሃል ጣት ወደ ሦስተኛው ክር ይወርዳል፣ የቀለበት ጣት አራተኛው ክር ላይ ሦስተኛው ፍሬትን ይይዛል። ጣቶቹ ቢቀያየሩም በእነዚህ አራት ክሮች ላይ የተለወጠው ድምፅ አንድ ነው፤ አራተኛው ክር ላይ የነበረው ኢ በግማሽ ድምፅ ወጥቶ ኤፍ ሆኗል። ጆሮ ይህን ግማሽ እርምጃ ወዲያው ያውቀዋል፤ በዘፈን ሲሰማው ኖሯልና። አምባሰልም እዚሁ አጠገብ ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዘን ማረፊያውን ወደ ኢ ስናዞር አምባሰል ይሆናል። ኮርዶቹ አልተለወጡም፤ ዜማው ተመልሶ የሚያርፍበት ቦታ ግን ተለወጠ። በዚያ ማረፊያ ላይ ኢ ማይነርን ሞልቶ መምታት ጂን ስለሚያስገባ፣ አምስተኛውንና አራተኛውን ክር በሁለተኛው ፍሬት ይዞ ሦስቱን ወፍራም ክሮች ብቻ መምታት ይሻላል። ባቲ ሜጀር ከሁሉም ይቀላል፤ ሲ ሜጀርን ይዞ አመልካች ጣትን ማንሳት ብቻ ነው። ሁለተኛው ክር ቢ ሆኖ ሲሰማ ባቲ መጣ።

ከጥቂት ጀምሮ ወዲያው መሥራት ለዚህ አገር እንግዳ የማስተማር ዘዴ አይደለም። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ፣ ሐዲስ ዓለማየሁም ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ፣ የታወቀ የቅኔ ቤት ነው። የቅኔ ተማሪ መወድስን በቃሉ አጥንቶ እስኪጨርስ አይጠብቅም። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ትንሽም ብትሆን ራሱ ይቆጥራታል፣ መምህሩ ፊት ይነግራታል፣ ይታረማል። ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ፣ እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። በየደረጃው ያለው ሥራ ሙሉ ነው፤ ጉባኤ ቃና የመወድስ ቁራጭ አይደለችም። ሁለት ኮርድ ይዞ አንድ ትዝታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያጅብ ጀማሪም ሙዚቃ ሠርቷል፤ ሃያ ኮርድ በሥዕል አጥንቶ አንድ ዘፈን ከማይጨርሰው ይቀድማል። ለቀኝ እጅም ቢሆን ከሌላ አገር የተቀዳ አመታት ከመፈለግ በፊት የችክችካ ምት አለ፤ እሱን ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም።

ይህን የሚቃወም ሰው ልጁን በአምስት ድምፅ ለምን ታጥረዋለህ፣ እሱ የሚፈልገው ሬጌም፣ የአዲስ አበባ ፖፕም፣ የውጭ ዘፈንም መጫወት ነው ይለኛል። እውነት ነው፣ ይፈልጋል። ግን ኤ ማይነር፣ ሲ ሜጀርና ኤፍ ሜጀር ሰቨን የየትኛውም አገር ጀማሪ የሚማራቸው ኮርዶች ናቸው፤ እኔ የለወጥኩት ቅደም ተከተሉንና ምክንያቱን ነው። ጂና ዲ ኮርዶች ሲጨመሩ ጆሮው ያን ጊዜ ከቅኝት መውጣቱን አውቆ ይወጣል። የጣት ሕመሙን በተመለከተ ግን ተቃዋሚው ትክክል ነው። የጣት ጫፍ ካልጠነከረ ቅኝት አያድንም፤ ለእሱ ያለው መድኃኒት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መያዝ ብቻ ነው። ቢሆንም የሚጣፍጥ ነገር የሰማ ጣት ነገም ተመልሶ ይመጣል።

ከሌላው ወገን የሚመጣው ተቃውሞ ይከብዳል። ቅኝት ኮርድ አያሻውም፣ ኮርድ ያበላሸዋል የሚሉ አሉ። ግማሹን እቀበላለሁ። ማሲንቆ ላይ ጣት የፈለገበት ይቆማል፤ የጊታር ፍሬት ግን ቦታው አስቀድሞ ተቆርጧል፣ በሁለት ፍሬት መሃል ያለችውን ድምፅ ጀማሪ አያገኛትም። ኮርድ ማብዛትም ዜማን ያፍናል፤ በድሮዎቹ ባንዶች ጊታር ኮርድ ሞልቶ ከመምታት ይልቅ አጫጭር የቅኝት ሐረጎችን እየደጋገመ የሚሄደው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ድምፅ ከድምፅ ጋር አብሮ መሰማቱ ራሱ ባዕድ ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። ክራር ሲገረፍ ሳይታፈኑ የቀሩት ሁለት ሦስት ክሮች አብረው ይጮሃሉ። ቦስተን በሚገኘው በርክሊ የተማረው ሙላቱ አስታጥቄም ኢትዮ ጃዝን የሠራው አምስቱን ድምፅ ከአሥራ ሁለቱ ጋር አስማምቶ ነው። ጥያቄው የትኞቹ ድምፆች አብረው ይሰሙ የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ በጣም አስቸጋሪው ቅኝት አንቺሆዬ ነው። ማረፊያው ኤ ቢሆን ድምፆቹ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ ሻርፕ ናቸው። ኢ ስለሌለ በማረፊያው ላይ የሚቆም የተለመደ ኮርድ የለም። ዲ ሜጀር ሙሉ ሆኖ ውስጡ ይገኛል፤ ነገር ግን አብዝተው ከመቱት ጆሮን ወደ ዲ ጎትቶ ማረፊያውን ያስረሳል፣ አንቺሆዬነቱም ይጠፋል። ጀማሪ እዚህ ሲደርስ አምስተኛውን ክር ሳይጫን ኤን እያስጮኸ ዜማውን በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ነጠላ ነጠላውን ቢፈልግ፣ ዲ ሜጀርንም አልፎ አልፎ ብቻ ጣል ቢያደርግ ይበቃዋል።