እግረ ወፍራሙ ፊደል

የላቲን ፊደል በመጽሐፍ ገጽ ላይ ሲታይ፣ ከቋሚው ዐምድ ራስና ግርጌ ወደ ጎን የምትወጣ አነስተኛ ጭረት አለችው፤ የኅትመት ባለሙያዎች ሰሪፍ ይሏታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የነበሩ ፊደል ቀራጮች፣ ከሁሉም ይልቅ በፓርማ ከተማ ይሠራ የነበረው ቦዶኒ፣ ይህችን ጭረት እንደ ፀጉር እስክትቀጥን ድረስ ስለተራቀቁባት፣ ፊደላቸው በመልካም ወረቀት ላይ በቅርብ ሲነበብ እጅግ ያማረ፣ ከመንገድ ማዶ ሲታይ ግን ቀጭኑ ሁሉ ጠፍቶ ወፍራሙ ዐምድ ብቻ የሚቀር ሆነ።

በሎንዶን ጎዳናዎች የንግድና የቴአትር ማስታወቂያ በበዛበት በ1810ዎቹ ዓመታት፣ ቪንሰንት ፊጊንስ የተባለው ፊደል ሠሪ ሰሪፉን ከዐምዱ ጋር በውፍረት ያስተካከለበትን ቅርጸ ፊደል ለማተሚያ ቤቶች አቀረበ። በአገራችን የብራና ጸሐፊ ወፍራሙንና ቀጭኑን መስመር የሚያገኘው ከመቃ ብርዑ አቀራረጽና አያያዝ ነው፤ የዚህ ፊደል ውፍረት ግን ከብርዕ ሳይሆን ከሩቅ የመታየት ግዴታ የተወለደ በመሆኑ፣ እኔ ከጥበብ ሥራዎች መካከል በክብር ልቈጥረው እወዳለሁ።

ኤች የተባለውን ፊደል ቀረብ ብሎ ለተመለከተው፣ ሁለቱ ዐምዶች በወፍራም ሰሪፎቻቸው ሊነካኩ ጥቂት ሲቀራቸው፣ በመካከላቸው የታጠረው ነጭ ስፍራ ራሱ ቅርጽ ሆኖ ይታየዋል። ዓይናችን ልኩ እኩል የሆነውን አግዳሚ መስመር ከቋሚው ይልቅ አወፍሮ ስለሚያይ፣ አስተዋይ ቀራጭ አግዳሚውን በጥቂቱ ያሳሳዋል፤ ሁለቱን በማስመሪያ ቢያስተካክላቸው ፊደሉ ከላይ የተጫኑት ይመስላል።

ትልልቅ ፊደል ከእርሳስ ማቅለጥ ክብደቱም ዋጋውም የሚያስቸግር ሲሆን፣ ብረቱ ሲቀዘቅዝም ገጹ ይጎደጉዳል። ዳሪየስ ዌልስ በ1827 በኒውዮርክ ከእንጨት ፊደል የሚቀርጽ መሣሪያ ሲያወጣ ይህ ችግር ተቃለለ፤ በእንጨት ላይ ቀጭን ጭረት ከማተሚያው ጫና የተነሣ በቀላሉ ሲሰበር፣ ወፍራሙ እግር ግን ብዙ ሺህ ቅጂ ይችላል።

በ1845 ሮበርት ቤዝሊ የተባለው ፊደል ሠሪ በሎንዶን ያወጣው ክላረንደን የተሰኘው ቅርጸ ፊደል ሰሪፉን ከዐምዱ ጋር በለዘብተኛ ጥምዝ ያገናኘ፣ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ፍቺ የሚሰጥበትን ቃል ከተራው ጽሑፍ ለይቶ ለማጉላት የተመቸ ነበር፤ ሕግ የሰጠው ጥበቃ ሦስት ዓመት ብቻ ስለነበረ፣ ጊዜው እንዳለፈ ሌሎች ማቅለጫ ቤቶች ተሻምተው ቀዱት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በ1929 ሜምፊስ፣ በ1934 ሮክዌል የተባሉ የዚሁ ዓይነት ቅርጸ ፊደላት፣ በክብና በቀጥታ መስመር ተለክተው ወጡ።

እንግዲህ ይህን ፊደል ለአርዕስት፣ ለድርጅት ስም፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ለሚጻፉ ሁለትና ሦስት ቃላት መስጠት ይገባል፤ ገጹን ሙሉ በእርሱ የሚያትም ሰው ግን ጥቁረቱ ነጩን ስለሚውጠው አንባቢውን ያደክማል። ከዚህ የሚለየው የጽሕፈት መኪና ፊደል ነው፦ መኪናው ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ስፋት ስለሚሰጥ፣ ቀጭኑ አይ ከሰፊው ኤም ጋር በአንድ ልክ እንዲቆም ረዥም ሰሪፍ ተሰጥቶት ባዶውን ስፍራ ይሞላል፤ መስመሩ ስለሳሳም፣ ኩሪየር በተባለው የመኪና ፊደል የተጻፈ ረዥም ደብዳቤ ያለ ድካም ይነበባል።