ኪው የቀ ዘመድ ናት



በናታንያ፣ በሔፍጺባ ሰፈር ወደ አንድ ቤት የሄድነው ስለ ልጁ ትምህርት ለመነጋገር ነበር። ቤተሰቡ ከጎንደር ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። እናት ቡና ያፈላሉ፤ አባት ከሥራ መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። የ12 ዓመቱ ልጅና ታላቅ እህቱ ጠረጴዛው ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ዘርግተው ስክራብል ይጫወታሉ። ይህ በዕብራይስጥ ሻቤጽ ና የሚባለው ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች 7 ጠጠር ይይዛል፤ ከያዘውም ፊደል ቃል እየሠራ ሰሌዳው ላይ ይደረድራል።

እኛም እንደ ልማዳችን ልጁን በዕብራይስጥ ማነጋገር ጀመርን። አባቱ ስለ ትምህርቱ ምን እንደሚያስቡ እንኳ የጠየቅነው ልጁን ነበር። ልጁም ክፋት ሳያስብ «አባ ዕብራይስጥ አይችልም፣ በዚህ ነገር አይረዳኝም» አለን። አባት ወለሉን አዩ።

በዚህ መካከል ልጁ ጨዋታው ላይ ተቸገረ። በእጁ ኪው አለች። በእንግሊዝኛ ኪው ብዙውን ጊዜ ዩን ታስከትላለች፤ ከዩ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ አናባቢ ይመጣል። ልጁ ግን ከዩ በቀር አናባቢ የለውም። ኪውን ሊጥላት ሲል አባት ተነሥተው ሦስት ጠጠሮች አነሡና ኤስ፣ ዩ፣ ኪው ብለው ደረደሩ። «ሱቅ» አሉ።

እህትየው ሳቀች። «አባ፣ ይኼማ አማርኛ ነው!» የትምህርት ቤቱን ትንሽ መዝገበ ቃላት ገለጡ፤ ቃሉ የለም። እኛም «ምናልባት አይሆንም ይሆናል» አልን። አባት ጠጠሮቹን መልሰው ተቀመጡ።

ያ ነገር ከእኛ ጋር ወደ ቢሮ መጣ። በማግሥቱ ትልቅ መዝገበ ቃላት አገላብጠን ስናይ ቃሉ አለ። በዐረብ አገር ያለ ገበያ ማለት ነው፤ በስክራብል ተጫዋቾች የቃላት ዝርዝርም ውስጥ ይገኛል። ኪው ብቻዋን 10 ነጥብ ስለሆነች፣ አባት ያነሡት ቃል 12 ነጥብ ነበረው። በሳምንቱ ተመልሰን ይህንኑ ለአባት፣ በአማርኛ፣ በልጆቻቸው ፊት ነገርናቸው። እንዴት እንዳወቁ ስንጠይቃቸው «አላወቅሁም፣ ገመትሁ እንጂ» አሉ። «እኛ አገር ቋራን በእንግሊዝኛ ስንጽፍ ቀን በኪው ነበር የምንጽፈው። ቀ ካለች ሱቅም ትኖራለች ብዬ ነው።»

ግምታቸው መሠረት አለው። የኛ ቀ በግእዝ ስሟ ቃፍ ነው። በዕብራይስጥ ቆፍ ትባላለች። የእንግሊዝኛዋ ኪውም የመጣችው ከጥንቱ የፊንቄ ፊደል ከዚያው ከቆፍ ነው። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እንግሊዝኛ ኪውን ዩ ሳያስከትል የሚጽፋቸው ቃላት አብዛኞቹ ከውጭ ቋንቋ የተወሰዱ ናቸው። ጫት በኪው፣ ኤ፣ ቲ ተጽፎ 12 ነጥብ ያስገኛል። ቆፍ ራሷ በኪው፣ ኦ፣ ፒ፣ ኤች ስትጻፍ 18 ናት። ጤፍም በቲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ተጽፎ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ገብቷል።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን የምናወራው ስለ ጨዋታ ብቻ ብለን አይደለም። በዚህ አገር ልጆች እንግሊዝኛን በ3ኛ ወይም በ4ኛ ክፍል ይጀምራሉ። በባግሩት ፈተና እንግሊዝኛ ግዴታ ነው፤ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዩኒት ይፈተናሉ። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚፈተኑት ፕሲኮሜትሪም የእንግሊዝኛ ክፍል አለው። በኢትዮጵያ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል የደረሰ አባት ወይም እናት፣ ኡልፓን ውስጥ ዕብራይስጥ ቢከብደውም፣ ለልጁ የሚሰጠው እንግሊዝኛ በእጁ አለ። ልጁ በየቢሮው ለወላጁ ሲያስተረጉም ከርሞ ወላጁን ምንም እንደማያውቅ ሰው ማየት ይጀምራል። አንድ ቃል ይህን ሊያቃናው ይችላል።

በቤት ውስጥ ለመሥራት የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፣ ደብተር አዘጋጁ። መዝገበ ቃላት የሚደረደረው በመጀመሪያው ፊደል ስለሆነ፣ በመካከል ወይም በመጨረሻ ኤክስ ያለበትን ቃል ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። ስለዚህ ለኪው፣ ለዜድ፣ ለኤክስና ለጄ ለእያንዳንዳቸው አንድ ገጽ ስጡና ያገኛችሁትን ቃል ጻፉ። በአፋችሁ ካሉት ጀምሩ፤ ታክሲ ኤክስ አለበት፣ ጃኬት ጄም ኬም አለበት፣ ፒዛ ሁለት ዜድ አለበት።

ሁለተኛ፣ አናባቢውን ለይታችሁ አስቀምጡ። በኛ ፊደል «ባ» አንድ ፊደል ነው፤ በእንግሊዝኛ ሁለት ነው፤ በዕብራይስጥ ደግሞ አናባቢው ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ሱቅ በአማርኛ ሁለት ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ሦስት ነው። ልጁ በሦስት ሥርዓት መካከል ቆሞ ፊደል ቢዘል ሰነፍ ነው አትበሉት።

ሦስተኛ፣ የቃል መጨረሻን ፈልጉ። ኤስ ካለ ለብዙ ቁጥር፣ ኢና አር ካሉ፣ ወይም አይ፣ ኤን፣ ጂ ካሉ ወደ ዳር አድርጓቸውና በቀሩት ፊደላት ቃል ሥሩ።

አራተኛ፣ ልጁ ቃሉን በደረደረ ቁጥር ትርጉሙን በአማርኛ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ለዚህ ደግሞ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አያቶችም ዳኛ መሆን ይችላሉ።

ጨዋታውን መግዛት አያስፈልግም። የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት በ1930ዎቹ በኢኮኖሚ ድቀት ሥራ ፈትቶ የነበረ ሰው ነው። የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ያወቀው በጋዜጣ ላይ ፊደል እየቆጠረ ነበር። እናንተም ከካርቶን 100 ቁራጭ ቁረጡ። ኢ 12፣ ኤና አይ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ኦ 8 ይሁኑ፤ ኪው፣ ዜድ፣ ኤክስ፣ ጄና ኬ አንድ አንድ ብቻ። ሁለቱን ባዶ ተዉአቸው፤ ባዶው በፈለጋችሁት ፊደል ይተካል። የቀሩትን ልጆቹ ከመምህራቸው ጠይቀው ያሟሉ።

እኛም ከዚያ ቤት ትምህርት ወስደናል። አሁን አንድ ቤት ስንገባ መጀመሪያ የምናነጋግረው ወላጅን ነው፣ በሚገባው ቋንቋ።

በሁለተኛው ጉብኝታችን ልጁ ደብተሩን አሳየን። የኪው ገጽ ላይ ሱቅን የጻፈው አባቱ ናቸው፤ ከጎኑ ልጁ በዕብራይስጥ ሹቅ ብሎ ጨምሯል። እናት ከቡናው ጎን ሆነው ሲያዳምጡ ቆይተው «እኔ በየሐሙሱ ሹቅ እመላለሳለሁ፣ 12 ነጥብ መሆኑን ማን ነገረኝ!» ብለው አሳቁን።

በርቱ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ።