ነቀዝን በዕፅዋት ዱቄት መከላከል፤ ዱቄቱ የሚጠቅመው መቼ ነው?

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ገጠር በቆሎው በበጋ ተፈልፍሎ ጎተራ ይገባል። ሰኔ ላይ ጎተራው ሲከፈት ግን ከእህሉ ጋር ብናኝና ነቀዝ አብሮ ይወርዳል። ያን ጊዜ አንዱ ጎረቤት «አመድ ነስንስበት»፣ ሌላው «የኒም ዱቄት ይሻላል» ይላል። የሁለቱም ምክር ዘግይቷል።

ሴቷ ነቀዝ የበቆሎውን ፍሬ በስታ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች፤ ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍነዋለች። እጩ ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ ሙቀቱ ከተመቸው በአምስት ሳምንት ያህል ጎልማሳ ሆኖ ይወጣል። ዱቄት የሚያገኘው በውጭ የሚሄደውን ነው፤ ፍሬው ውስጥ ያለውን አይደርስበትም። ስለዚህ የሚደባለቀው እህሉ ጎተራ በሚገባበት ዕለት ነው።

ነቀዝ ከማሳው ጀምሮ ስለሚገባ የደረሰ በቆሎ ማሳ ላይ መቆየት የለበትም። እህሉ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ እስኪሰበር ይድረቅ፤ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ባይበልጥ ይመረጣል። አሮጌው እህል ከጎተራው ወጥቶ፣ ስንጥቁ በጭቃና በእበት ይለሰን። ይህ ካልተደረገ ዱቄቱ ድካም ብቻ ነው።

ኒም ሙቀት የሚወድ የቆላ ዛፍ ስለሆነ ለደጋው ገበሬ ፍሬው ከቆላ ይመጣል። ፍሬው በጥላ ይደርቃል፤ ፀሐይ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ከዚያ ተወቅጦና ተነፍቶ ለአንድ ኩንታል በቆሎ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ይደባለቃል። ስለሚመር እህሉ ከመፈጨቱ በፊት ይበጠር፣ ይታጠብ። ኒም የሌለው የተነፋ አመድ ይጠቀም፤ አመድ የነቀዙን ቆዳ ፍቆ ያደርቀዋል፣ ነገር ግን ብዙ ይፈልጋል። አባቶች በቆሎን ከጤፍ ጋር የሚቀላቅሉትም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጤፉ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መንቀሳቀሻ ያጣል።

ዕፅ ሁሉ ግን ደኅና አይደለም። እንዶድ መርዝነት አለው፤ የብሳና ፍሬም ሆድ ያስኬዳል። ሁለቱም ከሚበላ እህል ጋር አይደባለቁ። ከገበያ የሚገዛው የፎስፊን ክኒን ደግሞ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ከተቀመጠ ጋዙ ቤተሰብ ይገድላል።

የዱቄት ኃይል እየደከመ ስለሚሄድ በየወሩ ከጎተራው ሥርና መሐል አንድ እፍኝ እየወጣ ይታይ። ቀዳዳ ያለው ፍሬ ከተገኘ እህሉ ወጥቶ በፀሐይ ይሰጣ፣ ይበጠር፣ ዱቄቱም ይታደስ። አቅም ያለው አየር የማያስገባውን ከረጢት ቢገዛ ዱቄትም አያስፈልገው፤ አፉ በደንብ ከታሰረ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል፣ አይጥ እንዳይበሳው ብቻ መጠበቅ ነው።