ያልተነሣ ስልክ 21 ቀን ያስከፍላል
ከእርሻ ኤክስቴንሽን ዘጋቢ

የሠለጠነ ባለሙያ፣ የተመረጠ የኮርማ ዘርና ጤነኛ ላም በአንድ ቀበሌ ቢገኙ እንኳ፣ ሦስቱን በሰዓቱ የሚያገናኛቸው ከሌለ ጥጃ አይገኝም። ዛሬ ይህን የማገናኘት ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው የእጅ ስልክ ነው። በመሆኑም የስልክ ጥሪን ተቀብሎ፣ መዝግቦና መልስ ሰጥቶ መሥራት ራሱን የቻለ የከብት እርባታ ሥራ አካል ሆኗል።

ከሳሪስ ተነሥቶ በደብረ ዘይት መንገድ ወደ ቃሊቲ፣ ወደ አቃቂና ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚወርድ ሰው ፋብሪካ፣ መጋዘን፣ ጋራዥና አዳዲስ የመኖሪያ ሕንፃዎች ያያል። ከዋናው መንገድ ገባ ሲል ደግሞ በየግቢው የታሰሩ የወተት ላሞች ያገኛል። በአካባቢው ብዙ የእርሻ መሬት ለመኖሪያ ቤትና ለኢንዱስትሪ በመዋሉ ግጦሹ ጠቧል። ስለዚህ ብዙው አርቢ ላሙን በበረት አስሮ ይቀልባል። ሁለትና ሦስት ላም ያለው ሰው ለእነሱ ብሎ ኮርማ መቀለብ አያዋጣውም። ላሙ ኮርማ ስትፈልግ የሚጠራው አዳቃይ ቴክኒሻኑን ነው።

አካባቢው ለዚህ ሥራ እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 በአርሲ፣ በጭላሎ አውራጃ፣ በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ ራሱን የቻለ የማዳቀል አገልግሎት ተጀምሮ ነበር። ሥራውን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚያስተባብረው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል በ1984 ሲቋቋም ግን መቀመጫው የሆነው ከሳሪስ ዝቅ ብሎ ያለው ቃሊቲ ነው። አደረጃጀቱ ኋላ ቢለወጥም ሥራው ለአርቢው ያለው ጥቅም አልተለወጠም።

ሰዓቱ ለምን ያስጨንቃል?

አንዲት ላም ካላረገዘች በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች። ፍላጎቱ የሚቆየው ለሰዓታት ብቻ ነው። በአብዛኛው ከ12 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል፤ በአገራችን ዝርያ ላይ ከዚህም ሊያጥር ይችላል። በዚህ ምክንያት አዳቃዮች የሚከተሉት ደንብ ቀላል ነው። ጠዋት ምልክት የታየባት ላም በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ትዳቀላለች። ከሰዓት በኋላ ወይም ማታ የታየባት ደግሞ በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

ሒሳቡም ጠባብ ነው። ላሟ በዓመት አንድ ጥጃ እንድትሰጥ ከተፈለገ፣ እርግዝናው 280 ቀን ያህል ስለሚወስድ ከ365 ቀን የሚተርፈው 85 ቀን ነው። ከወለደች በኋላ ማሕፀኗ እስኪያገግም 60 ቀን ያህል ብትቆይ፣ የሚቀረው 25 ቀን ብቻ ይሆናል። በዚህ ውስጥ አርቢው በእርግጠኝነት የሚጠብቀው አንድ የኮርማ ፍለጋ ጊዜ ነው። በዚያች ዕለት የተደወለ ስልክ ሳይነሣ ቢቀር ላሟ ሌላ 21 ቀን ትጠብቃለች። ጥጃውም ወተቱም በዚያው ልክ ይዘገያሉ፤ መኖው ግን አንድ ቀን አይዘገይም። አራት ላሞች አንድ አንድ ጊዜ ቢያልፋቸው በድምሩ 84 ቀን ያለ ፍሬ መቀለብ ማለት ነው።

ስልኩ ለምን አይነሣም?

አርቢው ስልክ ሳይነሣለት ሲቀር ባለሙያው የናቀው ይመስለዋል። የሥራውን ጠባይ ማወቅ ግን ይጠቅማል። የኮርማው ዘር በፈሳሽ ናይትሮጂን ውስጥ፣ ከዜሮ በታች በ196 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ዘሩን የያዘው ቀጭን ቱቦ ወጥቶ ለብ ባለ ውሃ ከሟሟ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ ላይ መዋል አለበት። በዚህ ጊዜ የባለሙያው አንድ እጅ ጓንት ለብሶ በላሟ ውስጥ ነው። ስልክ ላንሣ ቢል ዘሩ ይበላሻል። ሥራውን ጨርሶ በሞተር ብስክሌት መንገድ ሲጀምር ደግሞ መሪ ይዞ በእጅ ስልክ መነጋገር በትራፊክ ደንብ የተከለከለ ነው፤ በከባድ መኪና በሚጨናነቀው በዚህ መንገድ ላይ ለሕይወትም ያሰጋል።

ስለዚህ ተዘዋዋሪ ሠራተኛ ጥሪ በመጣ ቁጥር ስልክ ያነሣል ብሎ መጠበቅ አይቻልም። የሚቻለው ጥሪው እንዳይጠፋ ማደራጀት ነው።

ጥሪው ራሱ ምን መያዝ አለበት?

ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጥሪ እንዲህ ያለ ነው።

«ሃሎ ዶክተር! ቶሎ ድረስልኝ፣ ላሚቱ ጮኸች!»

«ማን ልበል?»

«እኔ ነኛ! ከአቦ ጀርባ!» ከዚህ በኋላ ሒሳብ ያልቅና ስልኩ ይቋረጣል።

የሚጠቅመው ጥሪ ደግሞ ይህን ይመስላል።

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምደውለው ከቂሊንጦ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ካለው ግቢ ነው። ጥቁሯ ላም ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ንጹሕ ዝልግልግ ፈሳሽ ታየባት፤ ወተቷም ቀንሷል። ከወለደች ሦስተኛ ወሯ ነው።»

«ገባኝ አባባ። 10 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ፤ ላሟን አስረው ይጠብቁኝ። የማልመጣ ከሆነ እስከ 7 ሰዓት ድረስ ደውዬ እነግርዎታለሁ።»

በሁለተኛው ጥሪ ውስጥ ደዋዩ፣ ቦታው፣ ላሟ፣ ምልክቱና ከሁሉ በላይ ምልክቱ የታየበት ሰዓት ተነግረዋል። ባለሙያውም የሚደርስበትን ብቻ ሳይሆን፣ ባይችል የሚያስታውቅበትን ሰዓት ጭምር ቃል ገብቷል። ታስራ የምትቀለብ ላም ሌላ ላም ስትወጣባት ቆማ አትታይምና፣ አርቢው ጩኸትን ብቻ ሳይጠብቅ ፈሳሹን፣ መቅበጥበጧንና የወተቷን መቀነስ ጠዋትና ማታ መመልከት አለበት።

ከባለሙያው የሚጠበቅ አሠራር

አንደኛ፣ ጥሪን በቃል ከመያዝ ይልቅ በደብተር መመዝገብ ያስፈልጋል። የደዋዩ ስምና ስልክ፣ ቦታው፣ የላሟ መለያ፣ ምልክቱ የታየበት ሰዓት፣ የተሰጠው ቀጠሮና የተፈጸመው ሥራ በአንድ መስመር ይሰፍራሉ።

ሁለተኛ፣ የጥሪ ሰዓት ለይቶ ለደንበኞች ማሳወቅ ይገባል። የጠዋቱ ጥሪ እስከ 3 ሰዓት ቢሰበሰብ የከሰዓት በኋላውን ጉዞ፣ የማታው ጥሪ እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቢሰበሰብ የማግስቱን ጉዞ ለማቀድ ይረዳል። የሳሪስና የቃሊቲ ጥሪ በአንድ ወገን፣ የአቃቂና የቱሉ ዲምቱ በሌላ ወገን ቢደለደል ነዳጅም ጊዜም ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ ከአንዱ በረት ወጥቶ ወደ ሌላው ከመሄዱ በፊት ቆሞ ያመለጡትን ጥሪዎች መመለስ አለበት። ሒሳብ የሌለው አርቢ ሚስኮል ማድረጉ የተለመደ ስለሆነ፣ ያልታወቀ ቁጥር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

አራተኛ፣ የማይደርስ ከሆነ ቀድሞ «አልችልም» ማለትና የሌላ ባለሙያ ስልክ መስጠት ያስፈልጋል። በጊዜ የተነገረ «አልችልም» ላሟን ያድናታል፤ «መጣሁ፣ መጣሁ» እየተባለ የመሸበት ቀጠሮ ግን 21 ቀን ይበላል።

አምስተኛ፣ ከተዳቀለች 21 ቀን ገደማ ሲሆን ራሱ ደውሎ ላሟ ኮርማ ደግማ መፈለጓን መጠየቅ ይኖርበታል። የደገመች ላም በዚያው ሰዓት ትያዛለች።

የገበሬ ማኅበሩ ድርሻ

በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. በ8028 ነፃ የስልክ መስመር ሲከፍት፣ አርሶ አደሩ ስለ ሰብል አሠራር በተቀዳ ድምፅ ምክር ያገኝ ጀመር፤ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጥሪ ገባ። ይህም ገበሬው መልስ የሚያገኝ መሆኑን ካወቀ ለመደወል እንደማይሰንፍ ያሳያል። የተቀዳ ድምፅ ግን ስለ ማዳበሪያ ይመክራል እንጂ ላም አያዳቅልም። እዚህ ላይ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት በአንድ በረት መገኘት አለበት፤ ይህን ማቀናጀት ለማኅበሩ ቅርብ ነው።

ለምሳሌ ወተት ጠዋትና ማታ ወደ መሰብሰቢያ በሚቀርብበት ቦታ፣ ወተት ተረካቢው በዚያው ደብተር ላይ ኮርማ የፈለገች ላም መኖሯን ጠይቆ መመዝገብ ይችላል። የወተቱ ሰዓት ከማዳቀሉ ደንብ ጋር ይገጥማል። ተረካቢው የተሰበሰበውን ዝርዝር በአንድ ጥሪ ወይም በአንድ የጽሑፍ መልእክት ለባለሙያው ቢያስተላልፍ፣ አሥር ሰው ተራ በተራ መደወሉ ይቀራል። ባለሙያውም ቀጠሮውን በአንድ ስልክ መልሶ ይነግራል።

ከዚህም ሌላ የሁለት ወይም የሦስት ባለሙያዎች ስልክ ቁጥር በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ በጉልህ መለጠፍ አለበት። ላም እሑድንም ዓመት በዓልንም አታውቅምና፣ በእነዚህ ቀኖች ተረኛው ማን እንደሆነ ከባለሙያዎቹ ጋር ተነጋግሮ አስቀድሞ ማስታወቅ ያሻል። ላሟን በደኅና የሚይዝ ከግንድ የተሠራ መቆሚያ በየመንደሩ ቢተከል ደግሞ የባለሙያው የመጠበቂያ ጊዜ ያጥራል፤ ቀጣዩ ጥሪም በሰዓቱ ይደረስበታል።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ሒሳብ ያለው አንድ ስልክና ኃላፊነቱን የሚቀበል አንድ ሰው ነው። የማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን ሰው ቢመርጡና በወሩ መጨረሻ ስንት ጥሪ እንደገባ፣ ስንቱ በሰዓቱ እንደተፈጸመና ስንቱ እንዳመለጠ ደብተሩን ከፍተው ቢቆጥሩ፣ በየበረቱ ያለ ፍሬ የሚያልፈውን 21 ቀን መቀነስ ይችላሉ።