ለሕፃን ገላ የሚሸጠውን ማን ያየዋል?

ቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤቱ ደጃፍ ተነሥቶ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ አልፎ፣ እስከ ለገሃር ቁልቁል ይወርዳል። ላይኛው ጫፉ ፒያሳ ነው፤ የሀበሻ ልብስና የልጆች ልብስ ከየመስታወቱ ጀርባ ተሰቅሎ ይታያል። ወረድ ሲሉ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። ወንድ ልጅ በአርባ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀን ክርስትና ሲነሡ፣ ቤተሰብ በዚህ ሰፈር ነጭ ልብስ ይገዛል፤ ጥልፍ ያለበት፣ ዳንቴል የበዛበት፣ አንገቱ ጠበቅ ያለ። ማታ ይገዛል፣ ጠዋት ይለበሳል። አዲስነቱ እንዲታይ ስለሚፈለግ አይታጠብም። ማምሻውን የሕፃኑ አንገትና ብብት ቀልቶ፣ ደረቱ ላይ ሽፍታ ወጥቶ፣ ልጁ ሲያለቅስ ያድራል። ቤተሰቡም ምች ነው፣ ሰው ዓይን ነው፣ እናቱ የበላችው ነገር ነው እያለ ምክንያት ይፈልጋል። ልብሱ የሚጠረጠረው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

የሀበሻውን ልብስ ገልብጦ ያየ ሰው አንዱን ምክንያት ወዲያው ያገኘዋል። ከፊት ለዓይን የሚያምረው ጥልፍ ከጀርባው ቋጠሮና ሻካራ ክር ነው፤ የሚያርፈውም በቀጥታ ሕፃኑ ደረት ላይ ነው። የአራስ ልጅ ቆዳ የላይኛው ሽፋን ከዐዋቂ ሰው የሳሳ ነው። እርጥበትን የመያዝና ባዕድ ነገርን የመከልከል ዐቅሙም ገና አልጠነከረም። ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ትልቅ ስለሆነ፣ በቆዳ የሚገባ ኬሚካል በሕፃን ላይ ይበረታል። የላብ ቧንቧዎቹም በቀላሉ ይደፈናሉ፤ ላቡ መውጫ ሲያጣ ከቆዳው ሥር ይቀርና ደቃቅ ቀይ ሽፍታ ይሆናል። የሙቀት ሽፍታ የሚባለው ይህ ነው።

በእኔ እምነት በአዲስ አበባ ሕፃናትን ይበልጥ የሚያስቸግረው የልብሱ ዓይነት ሳይሆን ብዛቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። አራስን ብርድ እንዳያገኘው መሥጋት የእናት ዕውቀት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ሙቀቱን መጠበቅ ያቃተው ጨቅላ ለሞት ሊዳረግ እንደሚችል ሐኪሞችም ያስተምራሉ። ችግር የሚመጣው ሌሊት የተደረበው ቀትር ላይም ሳይወልቅ ሲቀር ነው። ከውስጥ ናይለን፣ በላዩ ሹራብ፣ በላዩ ብርድ ልብስ፣ ከዚያም ኮፍያና ካልሲ፤ በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ንፋስ እንዳይገባ መስኮቱ የተዘጋ ታክሲ። ብዙዎቻችን ልጁ በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁንና እግሩን እንዳስሳለን። የሕፃን እጅና እግር ግን ሰውነቱ ሞቆም ሊቀዘቅዝ ይችላል። መዳሰስ ያለበት ማጅራቱና ጀርባው ነው። እዚያ ላብ ካለ አንድ ልብስ ይውለቅ።

ሌላው ጣጣ ከሱቅ ሳይሆን ከሳፋ ይወጣል። የቀደሙት እናቶች በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ተመራማሪው አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው ነው ተክሉ የብልሃርዝያን አስተላላፊ እንደሚገድል የደረሱበት። ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋርም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ቀንድ አውጣ የሚገድል አረፋ ለሕፃን ቆዳ የተመቸ ነበር ብዬ አልከራከርም። ያን ጊዜ ግን ልብሱ የሚለቀለቀው በሚፈስ ወንዝ ነበር፤ አረፋውን ውሃው ይዞት ይሄዳል። ዛሬ እንዶዱ በዱቄት ሳሙናና በበረኪና ተተክቷል፣ ወንዙም በጀሪካን።

ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች ለከተማዋ የሚልኩት ውሃ ፍላጎቷን መሸፈን ካቃተው ዘመናት አልፈዋል፤ በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። በፈረቃ የሚኖር ቤት የሕፃኑን ልብስ አንድ ጊዜ ብቻ ለቅልቆ ያሰጣል። የተለቀለቀበትም ውሃ ለመጸዳጃ ቤት ይጠራቀማል። ሳሙናው ግን ከጨርቁ አልወጣም። ሕፃኑ ሲያልበው ወይም ሲሸና ይሟሟና ቆዳውን ያቃጥለዋል። በክረምት ደግሞ ልብሱ ሳይደርቅ በእርጥበቱ ይለበሳል። እዚህ ላይ እናትን ተጠያቂ ማድረግ ግፍ ነው። የሕፃን ልብስ ሁለትና ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ ብሎ መምከር ቀላል ነው፤ ምክሩ የሚፈጸመው ግን ቧንቧው ሲመጣ ነው። ውሃው ጥቂት ከሆነ መጀመሪያ የሚቀነሰው ሳሙናው ይሁን፤ በረኪናና ማለስለሻ ደግሞ ከሕፃን ልብስ ጨርሶ ይቅሩ።

አዲሱ ልብስ ራሱስ ምን ይዞ ይመጣል? ጨርቅ እንዳይጨማደድ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ኬሚካል ይቀባል፤ ይህም ቆዳን ያሳክካል፣ አለርጂም ያስነሣል። ፖሊስተርን የሚያቀልሙ አንዳንድ ጥቋቁርና ሰማያዊ ማቅለሚያዎች የቆዳ አለርጂ እንደሚያመጡ በምርመራ ተረጋግጧል። በርካሽ ቁልፎች ውስጥ የሚገኘው ኒኬልም እንዲሁ። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ሕግ ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ በሚሸጥ ልብስ ውስጥ ፎርማልዲሃይድ በምርመራ እንዳይገኝ ደነገገች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገር የሚለወጡ ማቅለሚያዎችን ገላ ከሚነካ ልብስ ከለከለ። ቻይናም ብትሆን በገዛ አገሯ ለሚሸጥ የሕፃን ልብስ ፎርማልዲሃይዱ በኪሎ ከ20 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ታዝዛለች፤ እንዲህ ያለው ልብስ ምልክቱ ላይ የላቲኑ «ኤ» ፊደል ይጻፍበታል። ከቻይና የመጣ ልብስ ስትገዙ ይህን ፊደል ፈልጉ። በእኛ ሱቆች ግን ልብሱ ላይ ያለው ጽሑፍ በቻይንኛ ወይም በቱርክኛ ነው፤ ሻጩ «ኮተን ነው» ይላል፣ ገዢው ያምናል፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ፣ ብዙ የኢትዮጵያ ሴቶች ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ ሰፍተዋል። ዘ ቺልድረንስ ፕሌስ የተባለው የአሜሪካ የልጆች ልብስ ኩባንያ በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች ካሰፉት አንዱ ነው። ወደዚያ የሚላክ የልጅ ልብስ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው ሕግ መሠረት በገለልተኛ ላቦራቶሪ መመርመር አለበት። አሜሪካ ወደ ገበያዋ ያለ ቀረጥ የመላክን ዕድል፣ አጎዋን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 እስክትነፍገን ድረስ ይህን ስንሠራ ቆይተናል። እንግዲህ ለባዕድ ልጅ ጥንቃቄ የተሞላ ልብስ መስፋት እናውቅበታለን። ያንኑ ጥንቃቄ ለፒያሳው ሕፃን ለመጠየቅ የሚያንሰን ዕውቀት አይደለም።

ዋጋው የከበደው ወላጅ ወደ ልባሽ ጨርቅ ይሄዳል። ልባሽ ለንግድ ወደ አገር ማስገባት ክልክል ቢሆንም ቦንዳው በየመንገዱ ይፈታል። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጨርቅ ማቅለሚያውና ኬሚካሉ ስለለቀቀው ለሕፃን ገላ ከአዲሱ ሊሻል ይችላል። አያቶቻችን ያረጀ ነጠላ ቀደው ለአራስ የሚያደርጉት በከንቱ አልነበረም። ነገር ግን እከክ ካለበት ሰው ገላ በቅርቡ የወለቀ ያልታጠበ ልብስ እከክ ሊያስተላልፍ ይችላል። እከክ ደግሞ ከእኛ የራቀ በሽታ አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል የተነሣው የእከክ ወረርሽኝ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ይዟል። በሕፃን ላይ ሽፍታው መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ከወጣ፣ ሌሊት ካሳከከ፣ ቤተሰቡም የሚያክ ከሆነ ነገሩ እከክ ሊሆን ስለሚችል መታከም ያለበት ቤተሰቡ በሙሉ ነው።

ከታላቁ ልጅ ተርፎ በሻንጣ የተቀመጠ ልብስ ደግሞ ከሽፍታ የከፋ አደጋ አለው። ብል እንዳይበላው ናፍታሊን የተጨመረበት ልብስ ሳይታጠብና ሳይናፈስ አራስ ላይ መዋል የለበትም። የግሪክ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳስታወቁት፣ በናፍታሊን ከተቀመጠ ልብስና ብርድ ልብስ የተነሣ የጨቅላዎች ቀይ የደም ሴል ፈርሶ፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ለአእምሮ ጉዳትና ለሞት የተዳረጉ ነበሩ። ጂ-ስድስት-ፒ-ዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች ይበልጥ ይጎዳሉ። አራስ ልጅ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ ሐኪም ቤት ለመሄድ አንድ ሌሊት እንኳ አይታደርም።

ሽፍታ የወጣበትን ልጅ ይዞ ከሁሉ በፊት የሚኬደው ወደ መድኃኒት ቤት ነው፤ እዚያም ያለ ሐኪም ማዘዣ ቅባት ይሸጣል። ከእነዚህ ቅባቶች አንዳንዶቹ ብርቱ ስቴሮይድ አለባቸው። ስቴሮይድ መቅላቱን በአንድ ሌሊት ስለሚያጠፋ ሰው ያመሰግነዋል። በሕፃን ላይ፣ በተለይ ከዳይፐር ሥር ሲቀባ ግን ወደ ደም ይገባል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ፈንገስ ካለም ይደብቀዋል። ልብሱ ሲቀየርና ገላው ሲናፈስ በጥቂት ቀን ያልጠፋ ሽፍታ፣ ውሃ የቋጠረ፣ መግል የያዘ ወይም ትኩሳት ያለው ሽፍታ በሐኪም ይታይ። ችፌም ሊሆን ይችላል፤ ችፌ ደግሞ ልብስ የሚያባብሰው እንጂ ልብስ ብቻውን የሚያመጣው በሽታ አይደለም። ለቆዳ ሕክምና በከተማዋ ስሙ የታወቀው ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ነው።

በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ገና መናገር ያልቻለ ሕፃን ይህን መብት የሚጠይቅለት ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ በሚሸጥ ማንኛውም ልብስ ላይ ሁለት ነገር ያስገድዱ፦ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ በአገራችን ቋንቋ የሚገልጽ ጽሑፍ፣ እንዲሁም የፎርማልዲሃይድና የማቅለሚያ ምርመራ። ወላጆች ሆይ፣ ይህ እስኪሆን ድረስ ከሱቅ የመጣውን ልብስ አጥባችሁ፣ በደንብ ለቅልቃችሁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ አልብሱ፤ ለክርስትናውም ልብሱን ቢያንስ ከሳምንት በፊት ግዙት።