ድንጋይ የሚመስለው የበረሃ ተክል

ልዑል እግዚአብሔር ፍጥረቱን የሚጠብቅበት ጥበብ ብዙ ነው። አንዱን ተክል በእሾኽ፥ ሌላውን በመራራነት፥ አንዳንዱንም ከዓይን በመሰወር ይጠብቀዋል። ዛሬ የምንናገርለት «ሕያው ድንጋይ» የተባለው ትንሽ ተክል ከተሰወሩት ወገን ነው።

ነገዱ ካክተስ ነው። ካክተሶች ከጥቂቱ በቀር የአሜሪካ ምድር ተክሎች ሲሆኑ፥ ከዚያ የመጣው በለሳችንም ከእነርሱ ይቈጠራል፤ ወተት የሚያፈሰው ቁልቋላችን ግን መልኩ ቢመስልም ዘሩ ሌላ ነው።

ሕያው ድንጋይ የሚበቅለው በምዕራብ ቴክሳስና በሰሜን ሜክሲኮ በረሃ፥ በኖራ ድንጋይ መካከል ነው። ሐኪሙ ጆርጅ ኤንግልማን በ1856 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) «የተሰነጣጠቀ» የሚል ስም አወጣለት። መልኩ አመድማ አረንጓዴ ነው፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከመዳፍ አይበልጥም፤ ያደገው እሾኽ የለውም፤ ከምድር ጋርም ተስተካክሎ ይተኛል። በአፈሩ ውስጥ ግን እንደ ካሮት የወፈረ ሥር አለው፤ የዝናቡን ውኃ በዚያ ያከማቻል። በጥቅምትና በኅዳር፥ ማኅሌተ ጽጌ በሚቆምበት ወራት ገደማ፥ ከዚያ ድንጋይ መሳይ አካል ደማቅ ሮዝ አበባ ይወጣል።

በቤቱ ሊያሳድገው የሚወድ ሰው ከታች የተበሳ ጥልቅ ሸክላ ያዘጋጅ፤ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ አብዝቶ ጥቂት አፈር ይቀላቅልበት፤ ብርሃን ባለበትም ያኑረው። በሞቃቱ ወራት አፈሩ ፈጽሞ ሲደርቅ ያጠጣው፤ በብርዱ ወራት ውኃ ይከልክለው። ይህን ተክል ከጥም ይልቅ ጥጋብ ይገድለዋል። ከዘር የበቀለው በመጀመሪያው ዓመት ከአተር ፍሬ አይበልጥም፤ እስኪያብብም ዐሥር ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል።

ይህን ዘመን መጠበቅ ያልወደዱ ሰዎች ያደገውን ከበረሃ እየነቀሉ ይሸጣሉ። በ1973 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) በዋሽንግተን የተፈረመው የዱር ፍጥረታት ንግድ ውል ይህን ወገን እጅግ ከሚጠበቁት መካከል መዝግቦታል፤ ከበረሃ የተነቀለውንም ከሀገር ወደ ሀገር መነገድ ክልክል ነው። ሆኖም በቴክሳስ በሺህ የሚቈጠር የተሰረቀ ተክል ተይዟል። የብዙ ዓመት ዕድገት በአንድ ዶማ ምት ያልቃል፤ የተነቀለውም ሥሩ ቈስሎ በገዢው ቤት ብዙ ጊዜ ይበሰብሳል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ገዢ ሁሉ ከዘር የበቀለ መሆኑን ይጠይቅ፤ ሌባ የሚኖረው ሳይጠይቅ በሚገዛ ሰው ነውና። ዘሩን ለልጁ ሰጥቶ አብሮት የሚጠብቅ አባት ግን አበባው ሳይታይ ገና ትዕግሥትን አስተምሮታል።